በጉም ውስጥ መክሳት

ሰው ጠባዩን እንዴት እንደሚለውጥ የሚያስተምር ትምህርት አለ ብል አታምኑኝ ይሆናል። አለ። ተምሬዋለሁ፤ ፈተናውንም አልፌያለሁ። ሰው የሚለወጠው በደረጃ ነው ይላል፤ መጀመሪያ ነገሩን ጨርሶ አያስበውም፣ ቀጥሎ ያስበዋል፣ ከዚያ ይዘጋጃል፣ ከዚያ ይጀምራል። እኔ ማሰቡ ላይ ዓመታት ቆየሁ። ማሰብ ደግሞ አያከሳም።

በሞላሌ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ደሜ ውስጥ ስኳር መጨመር መጀመሩን ሳውቅ ለማንም አልተናገርኩም፤ አገሩ ሁሉ "ባለ መድኃኒት፣ ራስሽን ፈውሺ" የሚለኝ መሰለኝ። ለመክሳት በየቀኑ በእግር መሄድ ነበረብኝ። በእኛ አገር ግን መንገድ የወጣ ሰው ገበያ ወይ ለቅሶ አለው፤ ያለ ጉዳይ የምትዞር ሴት "ምን ነካት?" ትባላለች። መወፈር ደግሞ እዚህ ያስመሰግናል፤ "አማረብሽ" ያለኝን ሁሉ እንዴት ላስቀይም?

ትምህርቱ መላ ነበረው፦ አዲሱን ልማድ ከአሮጌው ጋር እሰሪው። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ልማዴ ነው። ስለዚህ ተሳልሜ ስጨርስ፣ ጋቢዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ፣ በመቃብር ቦታው ግርጌ አልፌ የገደሉን አፋፍ ይዤ መዞር ጀመርኩ። የክረምቱን ጉም ታውቁታላችሁ። ድምፅን ይውጣል፤ መቃብሩ ላይ ያሉት ድንጋዮች ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ። አንድ ቀን ከማዶ አንድ ወንድ ተጣራ። ዓይነ አፋር ነኝ፤ ዝም ብዬ አለፍኩ።

ጋሼ ደምሴ የደም ግፊት ታካሚዬ ናቸው። አረቄ እንዲተዉ በተማርኩት ዘዴ ሁሉ መክሬያቸዋለሁ፤ "እሺ ሲስተር" ይሉና ከእኔ ዘንድ በቀጥታ ወደ አረቄ ቤት ይሄዳሉ። ከዚያች ማለዳ በኋላ በቀጠሯቸው ቀን ገርጥተው መጡ።

"ተውኩት፣ ሲስተር።"

"ምኑን?"

"አረቄውን ነዋ! እናቴ ስትሞት 'ብትጠጣ አጥንቴ ይውጋህ' ብላኝ ነበር። ይኸው ከመቃብሯ ተነሥታ ትዞራለች። ብጣራት አኩርፋ አለፈችኝ።"

ልናገር አፌን ከፈትኩ። ግን ግፊታቸውን ለክቼ ነበር፤ ወርዷል። አፌን ዘጋሁ።

እስቲ ፍረዱኝ። "እኔ ነኝ" ብል በማግስቱ ይጠጣሉ፤ ያ ግፊት ተመልሶ ከወጣ ደግሞ አይምራቸውም። መዞሩን ብተው፣ እናቴ ይቅር አለችኝ ብለው ያው ይጠጣሉ። ሰው የሚለወጠው አደጋው የራሱ መሆኑን ሲያምን ነው ይላል ትምህርቱ፤ ማን ሲነግረው እንደሚያምን ግን አልጻፈም። እናም ይኸው ስንት ክረምት፣ ለሁለታችንም ጤና ስል፣ ለነፍስ አባቴ እንኳ ሳልተነፍስ እዞራለሁ። አካሄዴ የዓይነ አፋር፣ ቀስ ያለ ስለሆነ ብዙም አልከሳሁም።

ባለፈው ሰሞን ለክትትል መጡ። ግፊታቸው ደህና ነው። ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ዛሬ ጉሙ ገለጥ ሲል ለየኋት፣ ሲስተር። እናቴ ያው እንደ ድሮዋ ናት፤ ቀጭን፣ ጎበጥ ያለች። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም።"

"ምን?"

"ከፊት ከፊቷ የምትሄደው ወፍራም ሴት ማን ናት?"

የፈሩት ይደርሳል ይባላል። እስከ ዛሬ ዞሬ አላየሁም። እርምጃዬን ግን በጣም አፍጥኛለሁ፤ ቀሚሶቼ ሁሉ ሰፍተውኛል።