የቸኮለ ሳክስፎንና የፊታውራሪ ልቅሶ

መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ቁጭ በል ሲሉት በአንድ ጉልበቱ ብቻ የሚቀመጥ፣ እህል ሲቀርብለት ቆሞ የሚጎርስ፣ ቅዳሴ መሃል እንኳ መቋሚያውን ከግራ ወደ ቀኝ ሲያመላልስ የሚቆይ? እንዲህ ያለውን ሰው ዘመድ ይመክረዋል፣ ቄስ ጠበል ያጠጣዋል። ሴት ደግሞ ታገባዋለች። እኔ ነኝ ያገባሁት። ስሙ ቸኮለ ነበር፤ እናቱ ስሙን ሲያወጡ ምን እንደታያቸው እግዜር ይወቅ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ፤ በእኛ ቤት ግን አፍሳሹ እሱ፣ ለቃሚዋ እኔ ነበርሁ።

በኋላ ዘመን አዲስ አበባ ላይ ሳክስፎኒስቱ እየተባለ ሲከበር፣ «ጃዝ የሚባለውን ነገር ከወዴት ተማረው?» ብለው ይጠይቁኝ ነበር። «ከልቅሶ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እናንተም መሳቅ ትችላላችሁ፤ ብቻ ጨርሼ ላውራችሁ።

ቸኮለ ቡሬ አካባቢ ለነበሩት ፊታውራሪያችን እምቢልታ ነፊ ነበር። እምቢልታ እንደ ዋሽንት አንድ ሰው ብቻውን የሚጫወተው ነገር አይደለም። ሦስት ሰዎች ሦስት ረጃጅም እምቢልታ ይዘው ይቆማሉ፤ ለእያንዳንዱ ያለችው ያችው የራሱ አንድ ድምፅ ናት። መሪው ነፍቶ ይተዋል፣ ሁለተኛው ይቀበላል፣ ሦስተኛው ይመልሳል፤ ዜማው የሚሞላው ከሦስቱ አፍ ተለቃቅሞ ነው። የጓደኛን ድርሻ መንፋት የጓደኛን ርስት ገብቶ እንደማረስ ነው፤ ደም ያፋስሳል። ቸኮለ ሦስተኛው ነበር። በዚህ ዓለም እሱን ዝም አሰኝቶ የሚያቆመው አንድ ነገር ቢኖር ተራውን መጠበቅ ነበር።

ከዚያ ጣሊያን ገባ። ፊታውራሪ መሪውን እምቢልታ ነፊ አስከትለው ከብር ወንዝ ማዶ ጫካ ገቡ፤ ሁለተኛው ወደ ሱዳን ተሰደደ። ቸኮለም እከተላለሁ ብሎ ስንቁን አሰርቶኝ ነበር። ፊታውራሪ ግን «አንተን ይዞ ማድፈጥ አይቻልም፤ ስትቁነጠነጥ ታስጨርሰናለህ» ብለው መለሱት። እምቢልታውን ደግሞ ጣሊያኖች ለሽፍታ ምልክት ይሆናል ብለው ከየቤቱ ለቅመው አቃጠሉት። እንግዲህ የሚነፋው ያጣ ነፊ ከእኔ ጋር አንድ ጎጆ ውስጥ ቀረ። ቅል ነፋ፣ ጠርሙስ ነፋ፣ የበሬ ቀንድ ነፋ፤ እሳት የማቀጣጥልበትን ቧንቧ ሳይቀር ነጥቆኝ ነፋ። የቡሬው የጣሊያን ምሽግ ለሙዚቃ ጓዱ ነፊ ይፈልጋል ሲባል የሰማው በዚህ መሃል ነው። ተገዶ ሄደ ብዬ ብዋሻችሁ ደስ ባለኝ። ሮጦ ነው የሄደ።

እዚያ ሳክስፎን የሚሉትን ባለ ብዙ ቁልፍ ናስ ሰጡት። አንዴ ነፋና ዝም አለ። ጣሊያኑ የሙዚቃ አለቃ «ቀጥል!» ቢል፣ ቢቆጣ፣ ቢሳደብ፣ የእኔ ሰውዬ ወደ ጎንና ጎኑ እያየ ቆመ። «ተራዬ አይደለም» አለ አሉ። ናሱ ብቻውን ዜማ እንደሚሞላ እስኪገባው ድረስ ብዙ ጥፊ ቀመሰ። እኔ ደግሞ አገር ቤት የራሴን ቀመስሁ። ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ከእንስራዬ ያርቃሉ፤ የማርያም ማኅበሬ ጽዋ እኔን ዘልሎ አለፈ። የባንዳ ሚስት ሆንሁ። ቸኮለን ብወቅሰው «እነፋለሁ እንጂ መቼ እተኩሳለሁ?» አለኝ። ነገሩን እንዲህ አቅልሎ ሲያየው ከመናደዴ የተነሳ እንባዬ መጣ።

አንድ ቀን የንስሐ አባታችን ከደጄ ቆሙ።

«አንች ልጅ፣ ፊታውራሪ አርፈዋል። ቁስላቸው አመርቅዞ ነው። መሪው ነፊም ከሳቸው ቀደም ብሎ ወድቋል። እሜቴ ‹ባሌን ያለ እምቢልታ አልሸኝም› ብለዋል። የቀረው ያንችው ባል ነውና ለአርባቸው ይምጣ።»

«አባ፣ እንዴት ይሆናል? አርበኞቹ ይገድሉብኛል እኮ!»

«ልቅሶ የመጣ ሰው አይገደልም። እሜቴ በእመቤታችን ምለዋል።» መስቀላቸውን አሳልመውኝ ጨመሩ፦ «ለመመለሻው ግን አልማሉም።»

ስንቅ የማደርስ አስመስዬ ምሽጉ ድረስ ሄጄ ነገርሁት። መሪው መሞቱን ሲሰማ ቸኮለ መሬት ላይ ተቀመጠ። በሁለቱም ጉልበቱ። «ቀኑን ብቻ ንገሪኝ» አለኝ።

ቀኑ ሲደርስ የሙዚቃው ጓድ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንላት ከተማ በካሚዮን ይጓዝ ነበር። ካሚዮኑ ጭቃ ያዘው። ሁሉም ሲገፋ ቸኮለ «ሽንት ልሽና» ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ገባ። ሳክስፎን አንግቶ ሊሸና የሚሄድን ሰው ወዴት ነህ ያለው አልነበረም።

ከልቅሶው ሲደርስ የለበሰው ያንኑ የጣሊያን ካኪ ነበር። የፊታውራሪ በቅሎ ባዶ ኮርቻዋን ጭና ቆማለች፤ አርበኞቹ ጠመንጃቸውን ዘቅዝቀው ይዘዋል። ቸኮለ ናሱን አፉ ላይ አደረገና ዝም አለ። ጠበቅን። አሁንም ዝም። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። እኔ ግን ገብቶኛል፤ መሪው እስኪጀምር እየጠበቀ ነው።

«በል እንጂ፣ ቸኮለ» አሉ እሜቴ።

«እሜቴ፣ ተራዬ አልደረሰም።»

«የማይመጡትን እስከ መቼ ትጠብቃለህ? የቀረን ያንተ አፍ ነው።»

ዓይኑን ጨፈነና የመሪውን ድርሻ ነፋ። ያን ጊዜ የመሪው አባት ከተቀመጡበት ተነሡ። ጓንዴያቸውን አቀባብለው መጡና ፊቱ ቆሙ።

«የልጄን ነው የነፋኸው?»

«አዎ፣ አባቴ።»



«ልጄ እንዲህ አይጎትተውም» አሉ። «አጠር አድርገው።»

አጠር አድርጎ ደገመው። ሽማግሌው ጠመንጃቸውን መሬት አስተኙ፤ በጋቢያቸው ፊታቸውን ሸፍነው ተንሰቀሰቁ። ቸኮለ ወደ ሱዳን የተሰደደውን የሁለተኛውን ድርሻ ቀጠለ፣ ከዚያም የራሱን። ሦስት ሰው ከአንድ አፍ ወጣ። ሴቶቹ በየመሃሉ ሙሾ ገቡበት፣ ፊታውራሪም እንደ ወጉ ተሸኙ። እንስራዋን ታሸሽብኝ የነበረችው ጎረቤቴ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። ይቅር አልኋት፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

ለመመለሻው ያልተማለውን መሐላ የመሪው አባት ራሳቸው ማሉለት። ወደየት ይመለስ ካላችሁ፣ ወደ ጫካ ነው። የጣሊያን ናስ ይዞ የጠፋ ሰው ሌላ ምን አገር አለው? ይኸውላችሁ፣ የሚነፋ ነገር ፍለጋ ጠላት ቤት ድረስ የሮጠ ሰው፣ ናሱን ይዞ ከልቅሶው ከወጣ በኋላ ጠላት እስኪወጣ አንዴ እንኳ ሊነፋው አልቻለም። ሳክስፎኑን እኔ ጎተራ ውስጥ ጤፍ አልብሼ አስተኛሁት። እሱን አርበኞቹ፣ መቁነጥነጡ ለማድፈጥ ባይሆን ለመላላክ ይሆናል ብለው መልእክተኛ አደረጉት፤ ከአንዱ ጫካ አንዱ ጫካ ሲሮጥ ነጻነት ደረሰ።

ከዚያ አዲስ አበባ ሄድን። ኦርኬስትራ፣ ሆቴል፣ ክለብ፤ አንዱም ቦታ ላይ ዓመት አይቀመጥም። የትም ቢሄድ ግን፣ ሌሎቹ መሣሪያዎች ጋብ ብለው እሱ ብቻውን በሚነፋበት ሰዓት የሚያወጣት ያችኑ የልቅሶዋን ዜማ ነበር። አዳራሹ ያብዳል። እኔ ጥግ ተቀምጬ «ልቅሶ ላይ ይጨፈራል እንዴ?» ብዬ ብጮህ የሚሰማኝ የለም።

አንድ ዓመት እሜቴ ለርስት ክርክር አዲስ አበባ መጡና ካልሰማሁት ብለው ክለቡ ድረስ ገቡ። «ዛሬ ያችን ተዋት» ብዬ ለመንሁት። አመል ያወጣል ከመሃል፤ ነፋት። እሜቴ ገና ከመጀመሪያዋ ድምፅ አወቋት፤ እጄን ጭምቅ አደረጉት። ወጣቶቹ ደግሞ ከየወንበራቸው ተነሥተው ወገባቸውን እየሰበሩ ይጨፍራሉ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«እሜቴ፣ ይቅር ይበሏቸው። አያውቁም እኮ» አልኋቸው።

እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ጭፈራውን ብዙ አዩት።

«ተያቸው» አሉኝ። «ፊታውራሪ በቁማቸው እንኳ ይህን ያህል ሰው አስነሥተው አያውቁም።»