ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ

ሰው ስለ ራሱ ጭንቅላት የሚያውቀው እንዴት ትንሽ ነው እናንተዬ! ስለ ጎረቤቱ ጭንቅላት ጠይቁት፣ ሲያወራ ይመሻል። እኔ ራሴ ስድሳ ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴን ተሸክሜ ስዞር፣ አዛዡ እኔ፣ ታዛዡ እሱ ይመስለኝ ነበር። ናይሮቢ ገብቼ መንገድ ልሻገር ስል ነው ማን ለማን እንደሚታዘዝ የገባኝ።

ከሥሩ ልጀምርላችሁ። ባለቤቴ ገነት ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ከከፈተች ብዙ ዘመኗ ነው። ልጃችን ሳሮንም ጡት ሳትጥል ሄዳ እዚያው አደገች። እኔ አዲስ አበባ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ስለነበር ለበዓል ብቻ ብቅ እያልኩ ቆይቼ፣ ጡረታ ስወጣ ጓዜን ጠቅልዬ መጣሁ። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ሒሳብ ነው፤ ተማሪዎቼ የሚያስታውሱኝ ግን በሌላ ነው። ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ በሰልፍ አስፋልት የማሻግራቸው እኔ ነበርኩ። "ግራ! ቀኝ! እንደገና ግራ!" ምናልባት ከናንተም መሃል በኔ እጅ የተሻገረ ይኖራል፤ ካለ፣ እስከ ዛሬ በሕይወት መቆየቱ የኔ ሥራ ነውና በጸሎት ያስበኝ።

ችግሩ ኬንያ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቀኝ ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። እውቀቱ ግን እግሬ ጋ አልደረሰም።

ታክሲ ስጠራ እንኳ፣ መቼም ለትልቅ ሰው የሚገባው ጋቢና ነው ብዬ በቀኝ ዞሬ በሩን ስከፍት ሾፌሩን እዚያው ተቀምጦ አገኘዋለሁ። "ምዜ፣ አንተ ልትነዳ ነው?" ይለኛል እየሳቀ። ምዜ፣ ሽማግሌው እንደ ማለት ነው። ይህ አንድ ቀን ቢሆን ባልነገርኳችሁ፤ በሳምንት ሦስቴ ነው።

የታክሲውስ ያስቃል። አንድ ማክሰኞ ከሳሮን ጋር ከገበያ ስንመለስ፣ ግራዬን በጥንቃቄ አየሁ፣ ባዶ ነው፣ ገባሁ። ከቀኝ ቦዳቦዳ የሚሉት ሰው ጫኝ ሞተር ሳይክል እየበረረ ነበር። ከዚያ ራሴን እግረኛ መንገዱ ላይ አገኘሁት። መቼ እንደዘለልኩ አላውቅም። የያዝኩት ቲማቲም አስፋልቱን ቀለም ቀባው። ባለሞተሩ ዞሮ በስዋሂሊ አንድ ነገር ተናገረኝ፤ ትርጉሙን ሳሮን እስከ ዛሬ ደብቃኛለች።

ሳሮን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ናት፤ ስለ አንጎልና ባህርይ ትማራለች። ደንግጣም ቢሆን ትምህርቷን አልተወችም።

"አባዬ፣ አየህ? መጀመሪያ ዘለልክ፣ ከዚያ ነው የፈራኸው። አሚግዳላ ነች! ሶ ፋስት!"

አሚግዳላ የለውዝ ፍሬ የምታህል፣ አንጎል ውስጥ ሆና አደጋ የምትጠብቅ ዘበኛ ናት አሉ። አለቃ ሳታስፈቅድ ደወሉን ትደውላለች። ጎሽ፣ እሷስ ባለውለታዬ ናት። መኪና ሥር የሚከተኝ ሌላው ነው፤ ልማድ የሚባለው።

"ስትሻገር እኮ አታስብም" አለች ሳሮን። "ውስጥህ ያለው ልማድ ነው የሚያሻግርህ። እሱ ደግሞ አሁንም አዲስ አበባ ነው ያለው።"

"እንግዲያው ይጥፋልኛ!"

"አይጠፋም። አዲሱ ከላይ ይደረባል እንጂ የድሮው ከሥር ይቀመጣል።"

ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማድ ሲባል ሰምተን አድገናል። ጥሩ ልማድ ሞተር ሥር እንደሚጥል ግን ማንም አልነገረንም።

ወዲያው ፍርዱ መጣ። "ከዛሬ ጀምሮ ብቻህን አትሻገርም። ፕሮሚስ?" አለችና እጄን ያዘች። ከኪሌሌሽዋ ቤታችን ወጥተን ምግብ ቤቱ እስክንደርስ፣ አስፋልት ባገኘን ቁጥር እጄ በእጇ ነው። በረንዳው ላይ የሚቀመጡት አበሾች ሲያዩን "ጋሼ፣ ዘንድሮ ኬጂ ስንት ገቡ?" ይሉኛል። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ማለት ይህ ነው! ሠላሳ ዓመት የሰው ልጅ ሳሻግር ኖሬ፣ በስተርጅና ተሻጋሪ ሆንኩ። አፈርኩ፣ ምን እዋሻችኋለሁ። ከዚያ በኋላ የምመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፦ ልጄ እጄን ለቃ እንደ አባት እንድታየኝ።

ስለዚህ ተለማመድኩ። ቤት ውስጥ ከሳሎን ወደ ኩሽና ስሻገር ሳይቀር "ቀኝ፣ ግራ፣ እንደገና ቀኝ" እላለሁ። ገነት ጸሎት የጀመርኩ መስሏት ደስ ብሏት ነበር። በሰባተኛው ወር እግሬ ተማረ፣ የታክሲውንም በር ሳልሳሳት በግራ እከፍት ጀመር። ሳሮን ግን እጄን አልለቀቀችም።

በዚህ መሃል ለወንድሜ ልጅ ሠርግ አዲስ አበባ ሄድን። ሳሮን ከተማውን ከሕፃንነቷ ወዲህ አይታው አታውቅም። በማግስቱ ጠዋት ለብሰን አጊጠን ከወንድሜ ቤት ወጣን። አስፋልቱ ዳር ስንደርስ ሳሮን እንደ ጨዋ ልጅ ቀኟን አየች፣ ባዶ ነው፣ እግሯን አነሳች።

"ግራ!"

ድምፁ የኔ ነው፤ ያ የሰልፉ ድምፅ። እጄ ከድምፄ ቀድሞ ክንዷን አፈፍ አድርጎ ወደ ኋላ ጎትቷታል። ሚኒባሱ ቀሚሷን በንፋስ እያርገበገበ አለፈ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ የተናገራትን እኔም እስከ ዛሬ አልተረጎምኩላትም።

ልቤ ከቦታው የተመለሰው ዘግይቶ ነው። ሳሮን ደረቴ ላይ ተለጥፋ "ሳታስብ እኮ ነው የያዝከኝ" አለች።

"ሠላሳ ዓመት ሳስብበት ነበር" አልኳት።

ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳቀች። ያ ጠላቴ ያልኩት፣ ይጥፋልኝ ብዬ የተሳልኩበት ልማድ ከሥር ቁጭ ብሎ ልጄን እየጠበቀልኝ ኖሯል! "ከዛሬ ጀምሮ ብቻሽን አትሻገሪም። ፕሮሚስ?" አልኩና እጇን ይዤ አሻገርኳት። እሷም አልተከራከረችም። ደረቴ ተነፍቶ የሱፌ ቁልፍ ሊበጠስ ምንም አልቀረው።

እንደተነፋሁ ታክሲ አስቆምኩ። ለሙሽራው አጎት፣ ልጁንም ላዳነ አባት፣ ከጋቢና ሌላ ምን ይገባል? በኩራት በግራ ዞሬ በሩን ከፈትኩ።

"ጋሼ፣ ሊነዱልኝ ነው እንዴ?" አለኝ ሾፌሩ።

ሳሮን እጄን ያዘችና በቀኝ በኩል ወሰደችኝ።