ሉቃስ የሆነች ሚኒባስ

ቁጥር አይቶ ማለፍ የማይሆንለት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ጎረቤቴ አያ መኮንን አሉልኝ። ልጅ ሳሉ ባሕረ ሐሳብ፣ ያንን የዘመን ቆጠራ ትምህርት፣ ጀምረው ተዉት። የቀረቻቸው አንዲት ስሌት ናት፤ ዓመተ ዓለሙ ለአራት ተካፍሎ አንድ ቢተርፍ ዘመኑ ማቴዎስ፣ ሁለት ማርቆስ፣ ሦስት ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ነው። እሳቸው ታዲያ ለመኪና ታርጋም ያውሏታል።

አጎቴ ያረፉ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ለቀብር ልንሄድ ቡሬ መናኸሪያ ቆመናል። ሚኒባስ መጣች።

«ሦስት ተረፋት፤ ሉቃስ ናት» አሉ ታርጋዋን አይተው። «ሉቃስ ጳጉሜንን እንደሚያስረዝም መንገዱንም ያስረዝምብናል።»

አሳለፍናት። ተከታይዋም ሉቃስ ሆነች።

«አያ፣ ቀብሩ ሊያመልጠን ነው እኮ!»

«ሺውንም መቶውንም ተወው፤ መጨረሻ ያሉትን ሁለት አሃዞች ብቻ አካፍል፤ ያፋጥንልሃል።»

ሽማግሌ ጥሎ መሄድ ነውር ነው። ምን ላድርግ? ደክሞኝ እኔም ማካፈል ጀመርኩ።

ማቴዎስ አግኝተን ስንደርስ ሰዉ ከቀብር ተመልሷል። አክስቴ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች። አያ መኮንን ቀረብ አሉና አንገታቸውን ደፉ።

«እግዜር ያጥናሽ። ለመሆኑ ዕድሜያቸው ስንት ነበር?»

ጣታቸውን ማጠፍ ጀምረዋል።