የቀኙ በር ስፒከርና ሦስቱ ሽማግሌዎች

ስለ መኪና የማያውቅ ወንድ ሞልቷል፤ «አላውቅም» የሚል ወንድ ግን ገና አልተወለደም!

ባለፈው እሑድ ከጌጃ ሰፈር ሦስት ሽማግሌዎች ጭኜ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ሄድኩ። ለታናሽ ወንድሜ ለዳዊት ሚስት ልንለምን ነው። የልጅቷ አባት አቶ ግርማ ሽማግሌዎቻችንን ሁለት ጊዜ መልሰውብናል። ዛሬም ከመለሱን ወንድሜ አለቀለት!

መንገድ ላይ ሬዲዮ ብከፍት ከቀኙ በር «ጥዝዝዝ...» የሚል ድምፅ ወጣ። ጋሽ ታፈሰ «ባትሪው ደክሟል» አሉ። ሁለተኛው ሽማግሌ «ዘይት ይፈልጋል» አሉ። ሦስተኛው «ጎማው ነው!» ብለው ደመደሙ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይባላል፤ ሦስት አላዋቂ ግን... ተዉት! እኔስ ብትሉ? «ፍሬን ሸራ ይመስለኛል» አልኩ። ወንድ ነኛ!

ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ደርሰን መኪናውን ከበን ስንጨቃጨቅ አቶ ግርማ በነጠላ ጫማ ከደረጃው ወረዱ። ለካስ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበሩ! ሰላምታም የለ። መኪናው ውስጥ ገብተው ድምፁን ወደ ግራው ስፒከር ብቻ አደረጉት፤ ጥርት ያለ። ወደ ቀኝ አደረጉት፤ ጥዝዝዝ! የበሩን ልባስ በመዳፋቸው ጫን አሉት፤ አሁንም ያው። የምንለምናትን ልጃቸውን ሜሮንን ካቻቢቴ አስመጥተው በሩን ፈቱና የስፒከሩን ወረቀት በሁለት ጣት ቀስ አድርገው ገፉት። ውስጡ ኮሽ ኮሽ አለ።

«ተቃጥሏል» አሉ። «ከልክ በላይ ተከፍቶ ነው። ማነው ይሄ ባለጌ?»

ወይ ጉድ! ቅዳሜ ቅዳሜ መኪናዬን የሚዋሰው ማን ሆነና? ሙሽራው ነዋ! ዝም አይነቅዝም ብዬ አፌን ያዝኩ።

«አባዬ... እኔ ነኝ» አለች ሜሮን።

«አንቺ? የሰው መኪና ውስጥ ምን ትሠሪያለሽ?»

በቃ፣ አለቀልን አልኩ። ይሄኔ ጋሽ ታፈሰ ጉሮሯቸውን ጠረግ አደረጉ።

«አቶ ግርማ፣ እስከ ዛሬ የመጣነው ለልመና ነበር። አሁን ግን ከሳሽ ነን! ልጅዎ ንብረት አጥፍታብናለች፤ ካሣ እንፈልጋለን።»

«ምን ዓይነት ካሣ?»

«ራሷን!»

ሜሮን ሳቋን በእጇ አፈነች። አቶ ግርማ አንዴ ስፒከሩን፣ አንዴ ልጃቸውን አዩ። ከዚያ ካቻቢቴውን አቀበሉኝና፦

«እንግዲህ ይሄን አማቼ ይቀይረው» አሉ።

አማቼ! ሰማችሁ? አማቼ አሉ! ደስታዬን በምን ቃል ልናገረው! ሽማግሌ ደግሞ ጉዳዩ ሳይፈጸምለት አይቀመጥም አይደል? ጋሽ ታፈሰ «በሉ አሁን መቀመጥ ይቻላል!» ብለው እዚያው የመኪናዬ ኮፈን ላይ ዘጭ! ኮፈኑ ጎደጎደ።

እሱንም አማች ይጠግነው!