ስሙን ብቻ የሚሰማ

እናንተ ሰፈር ስሙን ብቻ የሚሰማ ሰው አለ? እኛ ጅማ መርካቶ አባ ተማም አሉልን። «ለዚህ ጉዳይ አባ ተማም እንዳይጠሩ!» ብለን በሹክሹክታ ብንማከር፣ ከመንገዱ ማዶ «አቤት! ማነው የጠራኝ?» እያሉ ይመጣሉ። መጥተውም ይቀመጣሉ። ተቀምጠውም ገበያውን ያፈርሱታል።

ሰሞኑን ግን የባሰ ገጠመኝ። ለአዲስ አበባው ገዢ ከሰቃ ወረዳ ያመጣሁትን ቡናዬን ዋጋ እስከ ቀትር ካልላክሁለት ከሌላ ሊገዛ ነው። የሱቄን ፕሮግራም የጻፈልኝ አብዲ ኮምፒውተሩ ፊት ላብ በላብ ሆኗል።

«ማሊ? ምን ሆነ አብዲ?»

«ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ዋጋውን የሚልክበትን አድራሻ ሲፈልግ የትኛውን ሰርቨር እንደሚጠይቅ የሚነግረው ፋይል አለ። አንዱ ሰርቨር ስለሞተ፣ እንዳይጠየቅ ብዬ መስመሩ ፊት ‹ዝለለው› የሚል ምልክት፣ ሃሽታግ፣ አድርጌበታለሁ። የኔ ኮድ ደግሞ ሃሽታጉን ሳያይ ስሙን ብቻ አንብቦ እሱኑ ይጠይቃል!»

«አትጥራ ያልከውን ጠራው?»

«ጠራው።»

«መልሱንም ይጠብቃል?»

«ቁጭ ብሎ!»

ወላሂ፣ ቡናዬን ረስቼ ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። ለካ አባ ተማም ኮምፒውተር ውስጥም ዘመድ አላቸው!

አብዲ ኮዱን ሃሽታግ ያለበትን መስመር እንዲዘል አደረገው። ኮምፒውተሩም በሕይወት ያለውን ሰርቨር ጠይቆ አድራሻውን አገኘ፤ ዋጋው ሄደ። ወዲያው ገዢው ደወለ። ስልኩን ከማንሳቴ በፊት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣

«አብዲ፣ አባ ተማም ፊትስ ሃሽታግ ማድረግ ይቻላል?» አልኩት።

ከመንገዱ ማዶ ወንበር ሲንቀሳቀስ ተሰማ።

«አቤት!»