የቅዳሜዋ ገጽ ለምን ተዘጋች

በእኛ አገር ለመክፈት እንጂ ለመዝጋት ወግ አልተሠራለትም። ሱቅ ሲከፈት ጠላ ይጠመቃል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ቄስ ጸበል ይረጫል። ሲዘጋ ግን ባለቤቱ አንገቱን ደፍቶ በሩን ይቆልፍና «ለእድሳት ተዘግቷል» የሚል ወረቀት ለጥፎ ውልቅ ይላል። ደብረ ታቦር ውስጥ ለእድሳት እንደተዘጉ የቀሩ ሱቆች አውቃለሁ፤ አሁን እድሳት የሚያስፈልገው ወረቀቱ ነው። «አልሆነልኝም፣ ትቼዋለሁ» ብሎ የለጠፈ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እኔም ስንብቴን ልጽፍ ስቀመጥ እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደዚያችው ቃል ነበር። ለእድሳት። ጻፍኳት፣ አየኋት፣ አፈርኩና አጠፋኋት።

የዘጋሁት ሱቅ አይደለም። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ለወዳጅ ዘመድ በስልክ የምልካት፣ ስላነበብኳቸው የታሪክ መጻሕፍት የማወራባት አንዲት ገጽ ነበረችኝ። ስትደርሳችሁ የነበራችሁ ታውቋታላችሁ፤ ያልደረሰቻችሁም ብዙ አልቀረባችሁም። እኔ የውኃ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ እንጀራዬ ከቧንቧና ከቆጣሪ ጋር ነው። ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት ከልቤ ወድጄው ነው፣ ይህችን እንኳ እመኑኝ። መጻፉን የጀመርኩት ግን ሰው «አንባቢ ነው» ሲለኝ ደስ ስላለኝ ነው። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ እዘረጋለሁ፣ ከጎኑ የሻይ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው ጎን መነጽር አስቀምጥና ፎቶ አነሳለሁ። መነጽሩን ያዋሰኝ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ነው። የእኔ ዓይን ደህና ነው።

መጀመሪያ ላይ መጽሐፉን ጨርሼ ነበር የምጽፈው። ኋላ ሰዎች መንገድ ላይ እያስቆሙ «የታሪክ ሰው!» ይሉኝ ጀመር፤ ለቅሶ ቤት ስገባ እንኳ ከሽማግሌዎች አጠገብ ቦታ ይለቀቅልኛል። እንግዲህ ሰው እንዲህ ከፍ ካደረጋችሁ በኋላ «የዚህ ሳምንቱን አልጨረስኩትም» ማለት እንዴት ይቻላል? ቅዳሜ ደግሞ መጽሐፉ አለቀ አላለቀ ብላ አትጠይቅም፣ ትመጣለች። እናም መግቢያውን አንብቤ፣ ማውጫውን ገረፍ ገረፍ አድርጌ፣ መደምደሚያውን አየት አድርጌ መጻፍ ለመድኩ። እናንተ መቼም እንዲህ ያለ ነገር አድርጋችሁ አታውቁም።

ከባሕር ዳር አሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት፣ ስለ አካባቢያችን ባላባቶች የሚተርክ ወፍራም መጽሐፍ ነበረኝ። ድሮ አንዳንዱ መጽሐፍ ጠርዙ ሳይቆረጥ ነበር ከማተሚያ ቤት የሚወጣው፤ አንዳንዱ ቅጠል ከላይ እንደተያያዘ ይመጣና አንባቢው ራሱ በቢላዋ እየከፈተ ያነበዋል። እኔ የተከፈተውን አነበብኩ፤ የተያያዘውን ዘለልኩ። አንዱ ገጽ ግርጌ ላይ ግራዝማች ወንድይፍራው በሚባሉ ሰው ቤት አያሌውና ገላው የሚባሉ ሁለት ወንዶች እንዳደጉ፣ ኋላም አያሌው ከጉና ተራራ ሥር፣ ገላው ገሳይ ላይ ጎጆ እንደወጡ ይናገራል። ቀጣዩ ቅጠል የተያያዘ ነው። እኔም ቅዳሜ ደርሳብኝ ስለነበር፣ «እነሆ፣ የአያሌውና የገላው ዘሮች የአንድ አባት ልጆች ናቸው» የምትል ዓረፍተ ነገር ከኪሴ አውጥቼ ጨመርኩና አሳምሬ ዘጋሁት። በሕይወቴ እንደዚያች ቅዳሜ ተመስግኜ አላውቅም።

እዚህ ላይ ጎረቤታችንን እትዬ ጥሩወርቅን ላስተዋውቃችሁ። ከእናቴ ጋር አብረው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ልጃቸው ስመኝ ነርስ ናት፤ ጌታነህ ለሚባል የገሳይ አስተማሪ ታጭታ፣ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሊሆን ተቆርጦ ነበር። ዘር ተቆጥሯል። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ሳይጋቡ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሰባት ቤት ሳይሞላ አንድ ሰው ላይ ከተገናኙ ነገሩ ይቀራል። የስመኝ ወገን ሲቆጠር አያሌው፣ ከዚያ ግራዝማች ወንድይፍራው ጋ ደረሰ። የጌታነህን ወገን የቆጠሩት ወንድ አያቱ አያ ፈንቴ ናቸው፤ ገላው፣ ከዚያ የገላው አባት ወልዱ ብለው ወጡ። አልተገናኙም። እልል ተባለ።

ከዚያ የእኔ ቅዳሜ መጣች። የጌታነህ አጎት ገጼን ከስልኩ ላይ ለአያ ፈንቴ አነበበላቸው። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ አስደገሙት አሉ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። በማግስቱ ወደ ደብረ ታቦር መልእክት ላኩ፤ ልጆቹ ሥጋ ለሥጋ ሆነው ተገኝተዋልና ይቅር የሚል።

በሳምንቱ ጠዋት እትዬ ጥሩወርቅ ቤቴ መጡ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት! እርሳቸው ግን እምነታቸውን ይዘው ነው የመጡት። «አንተ ያነበብህ ሰው ነህ፤ ከዚያች ቃል በኋላ ያለውን ታውቀዋለህ። ምናልባት የሚያወጣን ነገር ቢኖር መጽሐፉን ይዘህ ተነሥልኝ» አሉኝ። የኮንትራት መኪናው በር ላይ ቆሟል። ስመኝ ነጭ የሥራ ካፖርቷን እንደለበሰች ከአጥራቸው ጋ ቆማ ታየናለች፤ ዓይኗ ማበጡ ከሩቅ ያስታውቃል። እንዳላያት መጽሐፉን ታቅፌ ገባሁ። እስከ ገሳይ ድረስ እትዬ ጥሩወርቅ ከጎኔ ተቀምጠው ነበርና ያንን የተያያዘ ቅጠል በጣቴ እንኳ መሸረፍ አልቻልኩም። የቀረኝ አንድ ተስፋ ነበር፤ በቃል ጠይቀውኝ በቃል እንዲያልፉት።

አያ ፈንቴ ከዘመዶቻቸው ጋር ግቢያቸው ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ተነሥተው ተቀበሉኝ፣ ለእኔ! አጎንብሼ ጉልበታቸውን ልስም ስል «ተው ልጄ፣ አንተ ምሁር ሰው» ብለው ከለከሉኝ። ከጎናቸው አስቀመጡኝና፣ ከስልኩ ሳይሆን ከራሱ ከመጽሐፉ ይነበብልን አሉ። አነበብኩ። ድምፄ ያምራል፣ እዚህ ላይ ታምቼ አላውቅም። ጎጆ ወጡ የሚለው ጋ ስደርስ ግን ቆምኩ። ቀጥል አሉኝ። ቅጠሉን ገልጬ እንደ ከረጢት ውስጡን ባጮልቅ ጨለማ ነው።

አያ ፈንቴ እጃቸውን ዘርግተው መጽሐፉን ወሰዱት። የተያያዘውን ጠርዝ በአውራ ጣታቸው ሄድ መለስ እያደረጉ ዳሰሱት፤ ወደ ኋላ ገለጡ፣ እዚያም ሌላ የተያያዘ አለ።

«ይህንን ማን አነበበው?» አሉኝ፤ ሳይቆጡ።

«ማንም። እኔም አላነበብኩትም።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ቀስ ብለው ዞረው አዩኝ፤ ልጅ ሳለሁ እንግዳ ፊት ሱሪዬን ሳረጥብ ያዩኝ የነበረውን አስተያየት። ያን ጊዜ ግን ለዕድሜዬ ብለው ይቅር ይሉኝ ነበር።

ሽማግሌው ከወገባቸው ቢላዋ መዘዙና ቅጠሉን ቀስ አድርገው ከፈቱት። መልሰው ሰጡኝና አነበብኩ። ገላው የግራዝማች ልጅ አልነበረም። ወልዱ የሚባል ወዳጃቸው ሲሞት ግራዝማች ወደ ቤታቸው ወስደው ከልጃቸው ከአያሌው ጋር ያሳደጉት ልጅ ነበር። እዚያው ላይ፣ በቀጣዩ ገጽ የመጀመሪያ መስመሮች ላይ ተጽፏል። እትዬ ጥሩወርቅ «ወልዱ!» ብለው ተነሡ፤ ዘመድ አዝማዱ ተሳሳመ፤ ሠርጉ እንዳለ ሆነ።

አያ ፈንቴ ግን ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። «አባቴ፣ የገላው አባት ወልዱ ነው ብሎ አስቆጥሮኝ ነበር። እኔ በስተርጅናዬ ስልክ ሰምቼ ካድኩት» አሉ።

ይኼ ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ቢሳደቡ፣ ከግቢያቸው ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን በቃላቸው የጠበቁትን፣ ለልጅ ልጅ ያስተላለፉትን ስም፣ ሌላ ነገር ተጽፎ ሲሰሙ ጊዜ «ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ጻፈው» ብለው ተዉት። የተጻፈ ነገር ሁሉ ጸሐፊው አንብቦ የጻፈው ይመስላቸዋል። አይፈረድባቸውም፤ እኔም ስለምጠቅሳቸው ደራሲዎች እንደዚያው ነበር የማስበው።

ቤቴ ተመልሼ የመጨረሻዋን ገጽ ጻፍኩ። ያልተቆረጡትን ቅጠሎች፣ መነጽሩን፣ የአያ ፈንቴን ጋቢ፣ ሁሉንም አንድ ሳላስቀር ተናዘዝኩ፤ ከእንግዲህ ይህች ገጽ አትኖርም፣ ይቅር በሉኝ ብዬ ዘጋሁ። ላክኳት። ስልኩን ገና ከእጄ ሳላስቀምጥ ምስጋናው ይጎርፍ ጀመር። «ግሩም ትምህርት ነው፣ በርታ!» አለ አንዱ። መነጽር ያዋሰኝ ባልደረባዬ ደግሞ፣ «እንደ ሁልጊዜው አስደናቂ ታሪክ ነው፤ የሚመጣውን ቅዳሜ በጉጉት እንጠብቃለን» አለኝ።

እስከ ታች ያነበበችው አንድ ሰው ብቻ ናት። ስመኝ አመሻሹ ላይ እንዲህ ብላ ላከችልኝ፤ «ጨርሼዋለሁ። ሠርጉ ላይ ና፣ ግን ንግግር እንዳታደርግ።»

ሄድኩ። በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። መድረክ መሪው «አሁን ደግሞ ስለ ሁለቱ ቤተሰቦች ታሪክ የታሪክ ሰው...» ብሎ ወደ እኔ ሲዞር፣ አያ ፈንቴ ከተቀመጡበት ሆነው «ተወው፣ በአፉ ይብላበት» አሉልኝ።