ሊቀ ቅርፊት ጋሽ ይትባረክ

መብራት የሌለው ሰፈር አይቻለሁ። ውሃ የሌለውም እንደዚሁ። «ይሄን ቀቅለህ ጠጣው» የሚል ሰው የሌለበት ሰፈር ግን ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ፈልጌ አላገኘሁም።

የእኛ ሰፈሩ ጋሽ ይትባረክ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ኬሚስትሪ አስተምረው ጡረታ ሲወጡ፣ ተማሪ ቢያጡ ጊዜ ጎረቤቱን በሙሉ ተማሪ አደረጉት። ሊቀ ቅርፊት የሚለውን ማዕረግ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። መድኃኒት ነው የተባለ ዛፍ ሁሉ ቆዳው ተገፎ ጓዳቸው ውስጥ ተሰቅሏል፤ ጥቁር እንጨቱ፣ ብሳናው፣ ዋንዛው፣ ግራሩ። ሰው አርሲ ነገሌ ሄዶ ድንች ይዞ ይመለሳል፤ እሳቸው ግንድ ተሸክመው ይመጣሉ።

እሳቸው ፊት «አመመኝ» ያለ ሰው አለቀለት። መድኃኒቱ ወዲያው አይሰጥም፤ ትምህርቱ ይቀድማል። ቅርፊቱን ከፍ አድርገው «ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለህ?» ይላሉ። አላውቅም ካልክ ያስረዱሃል፤ አውቃለሁ ካልክ ይፈትኑሃል። ታኒን ድድን እንዴት እንደሚያጠብቅ፣ አኻያ ቅርፊት ውስጥ ያለው ሳሊሲን እንዴት የአስፕሪን አያት እንደሆነ፣ ዛፍ ተባይ እንዳይበላው ለምን መራራ ነገር እንደሚያመርት ሳትሰማ አትወጣም። ባለቤቴ በላይነሽ ጥርሷን አሟት ሄዳ፣ ትምህርቱ ሳያልቅ ሕመሙ ለቀቃት። ማርኩን ግን ለግራሩ ሰጡት።

አንድ ሠርግ ላይ ደግሞ ሙሽራው አስነጠሰ ብለው ሚዜዎቹን ገፍተው ገቡ። ዛሬም በቪዲዮው ላይ ኬኩ ሲቆረስ፣ ጋሽ ይትባረክ በሙሽራውና በሙሽሪት መሀል ስለ ዋንዛ ሲያስረዱ ይታያሉ።

ባለፈው መስከረም የባለሱቋ የዘሃራ ነገር መጣ። ባሏ ካሚል ጭነት ይዞ ሞጆ ወርዶ ነበር። እኔ ጋሽ ይትባረክ ግቢ በትምህርት ታግቼ ሳለሁ፣ ዘሃራ በዚያ ሙቀት ብርድ ልብስ ተከናንባ እየተንቀጠቀጠች ገባች። ካለዎት ሁሉ መራራውን ይስጡኝ አለቻቸው። ግንባሯን ዳሰሱ፣ ዓይኗን አዩ፣ ቀኑ ምን እንደሆነ ጠየቋት። ሰኞ ነበር፤ ዓርብ አለች።

በእጃቸው የያዙትን ቅርፊት አስቀመጡት።

«ልጄ፣ ይሄ የእኔ ሥራ አይደለም። ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።»

«ለሁሉም ሰው ሰጥተው ለእኔ ይነፍጉኛል?» አለች፤ ቅር ብሏት።

«የምሰጠው ለሚያስነጥስ ነው። አንቺ አሁኑኑ መመርመር አለብሽ፤ ተነሺ።»

በነጠላ ጫማቸው ወጥተው ባጃጅ አስቆሙ። እኔ ከአንድ ወገን ደገፍኳት፣ እሳቸው ከሌላው። ወባ መሆኑን ሁላችንም ጠርጥረናል። የጥንቱ የወባ መድኃኒት ኪኒን ራሱ ከዛፍ ቅርፊት እንደተገኘ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ሰው የለም፤ በዚያ መንገድ ላይ ግን አንዲት ቃል አልተነፈሱም። እኔም የምር የፈራሁት ያኔ ነው።

ወባው ከብዶ ነበር። ሐኪሙ፣ ዘሃራ ሳትታከም ብታድር ኖሮ ሌላ ነገር ይመጣ እንደነበር ነገረን። ካሚል ከሞጆ እየበረረ እስኪደርስ ጋሽ ይትባረክ ከአጠገቧ አልተነሡም።

ዘሃራ ድና ወደ ሱቋ ተመለሰች፤ የሊቀ ቅርፊት ስም ግን ታመመ። ሰፈሩ «ለካ ራሳቸውም አያምኑበትም» ብሎ አወራ። ትናንት ደጃቸው ሲጠና፣ ዛሬ የሚያንኳኳ ጠፋ። ዘሃራ ሱቋ ውስጥ የሚያሾፍባቸውን ደንበኛ ሁሉ ብትቆጣም ወሬው አልበረደም። እሳቸውም መንገድ ላይ ሲያገኙን «እንደምን ዋላችሁ» ብለው ብቻ ያልፋሉ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ዳቦ ገዝቼ ሳይቀዘቅዝ ቤቴ የምደርስበት ዘመን መጣ። ግን በራቸው ላይ ስደርስ እግሬ በራሱ ቀስ ማለት ጀመረ። አስም፣ ሪህ፣ ጨጓራ የያዘው ሰው ሲያልፍ ሳይ ጎትቼ ላስገባው ይቃጣኝ ነበር።

አንድ እሑድ ራሴው ገባሁና ወገቤን አመመኝ አልኳቸው። ወገቤ ብረት ነው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ የተማሪ ሰበብ ሲሰሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ትክ ብለው አዩኝ።

«እስቲ ጎንበስ በል» አሉኝ። ረስቼው የእግር ጣቴን ነካሁ።

«ጠንከር ያለ ሕመም ነው» አሉ፣ ፈገግታቸውን እየዋጡ። «ተቀመጥ።»

ለበላይነሽ ለምሳ እደርሳለሁ ብያት ነበር። ከጋሽ ይትባረክ ቤት ስወጣ እራት ቀርቦ ነበር።